ለእማማ ኦክቡን የወጣው ቃሬዛ

መጀመሪያ ልብ ያልኩት እግራቸውን ነው።

ጃፓኖች ከአገራችን በወጡ በሦስተኛው ዓመት፣ አዲሱ ሪፐብሊክ በታወጀበት ሰሞን፣ ከሴኡል ዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ወደ መንደራችን ወደ ዱልኔ መመለሴ ነበር። በሁለት የሩዝ ማሳ መካከል በምታልፈው ቀጭን ግድብ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ዳክዬ አቅፋ ትመጣለች። ከወዲያ በኩል አንድ ሽማግሌ እርጥብ የበሬ ቆዳ ተሸክመው ይመጣሉ። ግድቧ ጠጋ ጠጋ ላሉ ሁለት ሰዎች ትበቃለች። ሽማግሌው ግን ሳያመነቱ ሁለት እግራቸውን ማሳው ውስጥ ከተቱና እስከ ጉልበታቸው በጭቃ ውሃ ቆመው አንገታቸውን ደፉ።

«ይለፉ እመቤቴ» አሏት።

ልጅቷ ቆም ብላ ወደ ታች አየቻቸው። «አንተ፣ አልቅቱ አይነክስህም?»

«ይነክሰኛል እመቤቴ። ለምጄዋለሁ።»

«የኔ ዳክዬ አልቅት ትበላለች» አለችና አለፈች።

ሽማግሌው ከማሳው ሲወጡ ከጉልበታቸው በታች ያለው ቆዳ ከላዩ ጋር የአንድ ሰው አይመስልም ነበር። ነጥቷል፣ ተሸብሽቧል፣ ለዓመታት ውሃ ውስጥ የተረሳ እንጨት ይመስላል። ልጅነቴን በሙሉ ይህንኑ ሰው በዚያው ማሳ ውስጥ ቆሞ እያለፍኩት ነው ያደግሁት። ያን ቀን ግን ከቆምኩበት መንቀሳቀስ አቃተኝ። ለካ እኔም ስድስት ዓመት ሲሆነኝ እንዲሁ አልፌያቸዋለሁ፣ ለካ እኔም «አንተ» ብያቸዋለሁ።

ስማቸው ቾን ማንሶክ ነው። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ይጠጋል። የመንደሩ ከብት አራጅ ናቸው፣ አባታቸውም አራጅ ነበሩ፣ የአባታቸውም አባት። የአራጅ ወገን በእኛ አገር ከመንደሩ በታች፣ ወንዙ ዳር ነው የሚኖረው። ለሕፃን ሳይቀር «እርስዎ» ይላል፣ ከሕፃን ሳይቀር «አንተ» ይባላል። ይህ ሁሉ በሕግ የተሻረው ማንሶክ ገና ሕፃን ሳሉ ነው ይላሉ፤ ንጉሡ በነበሩበት ዘመን። ከዚያ ወዲህ ንጉሡም ሄዱ፣ ጃፓኖችም መጡና ሄዱ። ማንሶክ ከማሳው አልወጡም።

ሕገ መንግሥቱን በትምህርት ቤቱ ግቢ ያነበብኩት እኔ ነበርኩ። ማንበብ የነበረባቸው አጎቴ ሆ ናቸው፤ የመንደሩ እድር ዳኛ፣ ጢማቸው እስከ ደረታቸው የወረደ፣ ሰው የሚፈራቸው ሽማግሌ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር «አንተ አንብበው፣ የተማርክበት ገንዘብ እንኳ ይውጣ» አሉኝና ወረቀቱን ሰጡኝ። ሰዉ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። የአራጅ ሰፈር ሰዎች ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል። ዜጋ ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን፣ በፆታ፣ በእምነት፣ በደረጃ እንደማይለይ አነበብኩ። ልዩ መደብ የሚባል ነገር እንደማይታወቅ፣ ወደፊትም እንደማይቋቋም አነበብኩ። ከፊት የተቀመጡት ገበሬዎች የመሬት ነገር መቼ እንደሚመጣ ይጠብቁ ስለነበር ይህችን ሲሰሙ አንዱ አዛጋ።

ስጨርስ ከአጥሩ ማዶ አንዲት ትንሽ፣ ቀጭን፣ ፊታቸው በፀሐይ የጠቆረ አሮጊት በእጃቸው ጠሩኝ። የማንሶክ ሚስት፣ እማማ ኦክቡን ነበሩ።

«ታናሹ ጌታ፣ ያቺን ነገር ይድገሙልኝ።»

«የቷን?»

«መደብ የለም ያሉባትን።»

ደገምኩላቸው። ከንፈራቸው አብሮኝ ይንቀሳቀስ ነበር።

«ወደፊትም አይቋቋምም ብለዋል። ነገ ሌላ መንግሥት መጥቶ እመልሰዋለሁ ቢልስ?»

«እንዳይል ነው የተጻፈው።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«የመረጥናቸው ሰዎች።»

«እኔም እኮ መርጫለሁ» አሉና ወደ ባላቸው ዞሩ። «ሰማህ፣ የሱክሂ አባት? እኔም ጽፌዋለሁ ማለት ነው።»

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል» አሉ ማንሶክ።

«ይስማ እንጂ። ተደብቆ ነው እንዴ የተነበበው?» ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «በምርጫው ቀን ይሄ ሰውዬ ጠዋት ሰልፉ ፊት ቆሞ፣ ሰው በመጣ ቁጥር 'ይቅደሙ፣ ይቅደሙ' እያለ፣ ሳጥኑ ሊታሸግ ሲል ነው የደረሰን» አሉኝ። «አገሩን በሙሉ አስቀድሞ ነው የመረጠው።»

ማንሶክ ጆሯቸው ስር ቀልቶ ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው መጀመሪያ። እኔም «አባባ ማንሶክ» ብዬ ጠራኋቸው፣ እንዲያው አፌ ላይ መጣና። ሳቃቸው ቀጥ አለ። ከኋላቸው ሌላ ሰው ቆሞ እንደሆነ ዞር ብለው ተመለከቱ።

ከዚያ ወዲያ በዕረፍት በመጣሁ ቁጥር ወንዝ ዳር ወዳለው ቤታቸው እወርድ ጀመር። እናቴ ስመለስ ልብሴን በር ላይ አስወልቃ ታራግፈው ነበር፣ ምንም ሳትናገር። እነሱ ቤት የአጥንት ሾርባ ከኪምቺ፣ ከኮመጠጠው ጎመን ጋር ይቀርብልኛል፤ እማማ ኦክቡን ያወራሉ፣ አባባ ማንሶክ ቢላ ይስላሉ። በግራ ጆሯቸው አይሰሙም፤ ስለዚህ እማማ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ነው የሚቀመጡት። በጎልማሳነታቸው ጂንጁ ከተማ ውስጥ አራጆች የእኩልነት ማኅበር ሲያቋቁሙ ማንሶክም ሄደው ንግግሩን ሰምተው ተመልሰዋል። መንደሩ ግን ወሬውን ቀድሞ ሰምቶ ኖሮ፣ ገበሬዎቹ ሥጋ አንገዛም ብለው አደሙ፤ ቀጥሎም ዶማ ይዘው መጡና ድስቱንም ሰውየውንም ሰበሩ።

«ጆሮውን የመታው እገሌ ነው ብዬ ልነግርዎ እችላለሁ» አሉ እማማ ኦክቡን። «ለልጁ ሠርግ ጎድን የወሰደው ከእኛ ነው።»

«ተይው አሁን፣ ሞቷል» አሉ ማንሶክ።

«አውቃለሁ መሞቱን። በአበባው ቃሬዛ ነው የወጣው። ዘፈኑንም ሰምቼዋለሁ።»

ዱልኔ ውስጥ ሰው ሲሞት በእድሩ ቃሬዛ ነው የሚወጣው። ጣራ አለው፣ በቀይና በቢጫ የወረቀት አበባ ይሸፈናል፣ አሥራ ሁለት ሰው በሁለት ረድፍ ይሸከመዋል። ፊት ፊት ደወል የያዘው ሰው ሟቹ ከየጎረቤቱ የሚሰናበትበትን ዜማ ያወጣል፣ ተሸካሚዎቹ ይቀበላሉ፣ ቃሬዛው እንደ ጀልባ ይወዛወዛል፣ በየደጁም ቆም ይላል። አንድ ልማድ አለው፤ ለተሸካሚነት ማንም አይጠራም። ከተራራው ስር ያለችው የቃሬዛ ቤት በሯ ተከፍቶ ከታየ፣ በማግስቱ ማለዳ ወንዱ ሁሉ በራሱ ይመጣል። ተጠርቶ የመጣ ትከሻ ለሟቹም ለቤተሰቡም ውርደት ነው። የአራጅ ወገን ግን ይህን ቃሬዛ መንካት ቀርቶ ሲያልፍ እንኳ ደጅ አይቆምም። እማማ ኦክቡን ዕድሜ ልካቸውን ከወንዙ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቀው ሲያዩት ኖረዋል፤ ዜማውን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል።

«እኔ ለሠርጌ በእግሬ ነው የመጣሁት» አሉኝ አንድ ቀን፣ ሥጋ እየከተፉ። «ለአራጅ ሙሽራ ሰው የሚሸከመው የሙሽራ ወንበር አይፈቀድም። ፀጉሬ ላይ መርፌ እንኳ አልሰካሁም፣ የተከለከለ ነው። ዝናብ ነበር። ይሄ ሰውዬ ከፊቴ ይሄዳል። ልጆቹ ጭቃ ሲወረውሩብኝ እንኳ ዞር አላለም።»

«ዞር ብል ይብሱ ነበር» አሉ ማንሶክ ከቢላቸው ሳይነሱ።

«አውቃለሁ ዞር ያላልክበትን። ጀርባህን አይቼ አውቄዋለሁ።» ከዚያ ለእኔ፣ «እንግዲህ መደብ የለም ተብሏል። ስሞት ተሸክመው ያውጡኝ። አንድ ቀን እንኳ በሰው ትከሻ ልሂድ። ከዚህ ሌላ ከሪፐብሊኩ ምንም አልፈልግም፣ መሬቱን ለገበሬው ይስጡት።»

አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፣ ሱክሂ። ቡሳን ወደብ ላይ ዓሣ ነጋዴ አግብታለች። ባሏም አማቷም ወላጆቿ በጎርፍ ያለቁባት ብቸኛ ናት ብለው ነው የሚያውቁት።

«በጎርፍ ነው የሞትነው» አሉ እማማ ኦክቡን እየሳቁ። «ጥሩ ሞት ነው። ቀብርተኛ አያስቸግርም።»

ባላቸው አልሳቁም።

ክረምቱ ሲገባ እማማን ሆዳቸውን ያዛቸው። እህል አልወርድ አላቸው። በጸደይ ስመለስ ብርድ ልብሱ ስር ያለው አካል የሕፃን ነበር የሚመስለው። ያም ሆኖ ያቺን ዐረፍተ ነገር በሙሉ፣ ቃል ሳይቀር፣ እንደ ጸሎት ደገሙልኝና «ተሳሳትኩ?» አሉኝ። አልተሳሳቱም።

ሲሞቱ እኔ አጎቴ ሆ ግቢ ተቀምጬ ጋዜጣ አነብላቸው ነበር። አባባ ማንሶክ በበሩ ብቅ አሉ። ሁልጊዜ ከበር ውጭ ቆመው ነው የሚጣሩት። ያን ቀን ግን ገቡ፤ ገብተው ግቢው መሃል ቆሙ፣ ራሳቸውም የደነገጡ ይመስላሉ።

«ምን ሆነህ ነው?» አሉ አጎቴ።

«ሞተችብኝ ጌታዬ።»

አጎቴ ፒፓቸውን ከአፋቸው አወጡ። «ኦክቡን? ወይ ምስኪን። ሥጋ ሳስመጣ መቅኔ ያለበት አጥንት ደብቃ የምትጨምርልኝ እሷ ነበረች። አውቅ ነበር፣ ዝም እል ነበር።»

«ቃሬዛውን ፈልጌ ነው ጌታዬ።»

«የአበባውን?»

«የአበባውን።»

አጎቴ ፒፓቸውን መሬት ላይ አራገፉ። ጎረቤት ዶሮ ተንጫጫ።

«አባትህ በምን ወጣ?»

«በሰሌን።»

«የአባትህ አባትስ?»

«በሰሌን። ግን ሕጉ…»

«ሕጉን ከዚህ ልጅ አፍ ሰምቻለሁ። እንቅልፍ አልነበረኝም።» ፒፓቸውን እንደገና ሞሉ፣ አልለኮሱትም። «አልሰጥህም ብልህ ምን ታደርጋለህ? ትከሰኛለህ?»

«አልከስም። እመለሳለሁ።»

«ብሰጥህስ?»

አባባ ማንሶክ ለእምቢታው ተዘጋጅተው ነው የመጡት። «እሺ» ይባላል ብለው አላሰቡም።

አጎቴ እየተንጠራሩ ተነሱና ከጓዳ ትልቁን የብረት ቁልፍ ይዘው ወጡ። «ቃሬዛው የመንደሩ ነው። አንተም የመንደሩ ነህ ተብሏል። ነገ በሩን ክፈት፣ ሰዉ ያያል፣ ከነገ ወዲያ ማለዳ ይመጣል። እንደማንኛውም ሰው።» እጃቸውን ዘርግተው ቁልፉን በማንሶክ መዳፍ ላይ አስቀመጡ፣ አልወረወሩም። እኔ ያን ሳይ ሪፐብሊኩን በዓይኔ ያየሁት መሰለኝ። ግቢ፣ ዝገት የበላው ቁልፍ፣ ሁለት የሽማግሌ እጆች።

በማግስቱ ቀኑን በሙሉ አብሬያቸው ዋልኩ። የቃሬዛ ቤቷ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከማሳ የሚመለስ ሁሉ ያየዋል። የደበዘዙትን የወረቀት አበቦች አውጥተን በአዲስ ተካን፤ አባባ ማንሶክ ቆዳ የሚፍቁበት ያ ሻካራ ጣታቸው ወረቀት ላይ ሲሆን እንደ ሴት ልጅ ጣት ይለሰልስ ነበር። ከዚያ ለተሸካሚዎች የሚሰጠውን የገለባ ጫማ ጎንጉነው ጨረሱ፤ ደንቡ ነው፣ ተሸካሚ አዲስ ጫማ ተጫምቶ ነው የሚወጣው። ያላቸውን አንድ ወይፈን አርደው ሾርባውን ጣዱ። የሩዝ ጠላም አስመጡ።

ከሰዓት በኋላ ከወንዙ ማዶ የአክስታቸው ልጅ ዶክቹል መጣ፤ እሱም አራጅ ነው። ከአሥር የሚበልጡ ወንዶች አስከትሏል።

«ትከሻ ይዘን መጥተናል» አለ።

አባባ ማንሶክ በሩ ላይ ቆሙ። «ትከሻችሁን መልሱ።»

«ምን አልክ?»

«እናንተ ከተሸከማችኋት የመንደሩ ሰው የት ይገባል? ማለዳ መጥቶ ቦታው ተይዞ ሲያገኘው ይመለሳል። ነገ ማታ ኑና ብሉ፣ ጠጡ። ዛሬ ግን ጀልባው ሳይሄድባችሁ ተሻገሩ።»

ዶክቹል ሳቀ፣ ደስ የማይል ሳቅ። «ሰዎቹን አታውቃቸውም እንዴ ወንድሜ?»

«አርባ ዓመት ሥጋቸውን ስቆርጥ የኖርኩት እኔ ነኝ።»

«እነሱ አንተን ሲቆርጡህ ግን አላየህም።»

«አይቻለሁ» አሉ ማንሶክ፣ እጃቸው ወደ ግራ ጆሯቸው ሄደ። «ያኔ ይሄ ሕግ አልነበረም። ደግሞ ቁልፉን ማን እንደሰጠኝ ታውቃለህ? የእድሩ ዳኛ ራሱ ነው። እጄ ላይ ነው ያስቀመጠው።»

ዶክቹል ወደ እኔ አየ። እንድናገር ነው የፈለገው። እኔ ደግሞ በሙሉ ልቤ አምኜ ነበር። «ይመጣሉ» አልኩት። ምራቁን ወደ ጎን ተፍቶ ሰዎቹን ይዞ ወረደ። ጀልባዋ ስትሻገር ከደጁ ላይ ሆነን አየናት።

ማለዳ ስደርስ ቃሬዛው ደጁ ላይ ቆሟል። ጤዛ አበቦቹ ላይ አርፎ ቀዩ ቀለም ወደ ነጩ ጨርቅ ትንሽ ትንሽ ፈስሷል። አባባ ማንሶክ የቃጫ የኀዘን ልብስ ለብሰው ጫማዎቹን አጥሩ ስር በሁለት ረድፍ ደርድረዋል፣ አፍንጫቸውን ወደ መንገዱ አድርገው። ሾርባው ይፍለቀለቃል። ፀሐይ ከኮረብታው ጫፍ ላይ ወጣች። ከዚያ ከኮረብታው ለቀቀች። ጫማዎቹ ላይ ያለው ጤዛ ደረቀ።

ከአጥሩ ማዶ እግር ሰማን። አባባ ማንሶክ ብድግ ብለው የኀዘን ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። እግሩ ግን ቆመ። ሹክሹክታ ሆነ።

«አንተ ቅደም።»

«ለምን እኔ? ቅርብ ያለኸው አንተ ነህ።»

«ቅርብ የሆንኩት ወንዙ አፈናቅሎኝ ነው፣ ወድጄ ነው?»

«አንድ ሰው ከገባ እኔም እገባለሁ።»

«እንግዲያው ያ አንድ ሰው ሁንና እንከተልህ፣ ጀግናው።»

«እናቴ ታማለች፣ ታውቁ የለም። ዛሬ ይሄን ተሸክሜ ነገ እሷ ብትሞት ማን ደጃችን ይደርሳል?»

«ደጃችሁስ ይደረስ፣ በምን ልታወጣት ነው? ቃሬዛው እኮ ረከሰ። ታላላቆቹ ሌላ እናሠራለን እያሉ ነው።»

«ማን አለ?»

«ሁሉም። ይሄን ለአራጁ ይተውለት ብለዋል።»

ከዚያ ሌላ ድምፅ፣ በቀስታ፦ «ሾርባው ግን ሽታው…»

«አፍህን ያዝ።»

እግሮቹ ሄዱ። እኔ በአባባ ማንሶክ ግራ ነበር የቆምኩት፣ አጥሩ በቀኛቸው፣ በሚሰማው ጆሯቸው በኩል። ሰምተው እንደሆነ ለማወቅ ፊታቸውን ማየት አልደፈርኩም።

ከሄዱት አንዱ ተመለሰ። ኪፓል ነው፣ የወፍጮ ቤቱ ልጅ። አንገቱን ደፍቶ ገባና ከረድፉ መጨረሻ አንድ ጫማ አንስቶ ተጫማ፤ ጠበበው፣ ግን አላወለቀውም። እኔም ተጫማሁ። ሁለት ሆንን። ቃሬዛውን ስናየው ከዚያ በፊት ያልታየኝን ያህል ረዘመብኝ።

አጎቴ ሆ በከዘራ ተደግፈው ደረሱ። ግቢውን፣ ጫማዎቹን፣ እኔንና ኪፓልን አዩ። ልጃቸውን ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኝ ነበር።

«ወገቤን አለ» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «ትላንት ማታ በርሜል ሲያነሳ የነበረ ሰው፣ ዛሬ ወገቤን አለ።» ከዚያ ወደ ማንሶክ ዞሩ። «እስከ ነገ ቆየኝ። ቤት ለቤት እዞራለሁ። የእድር ዳኛ ነኝ፣ እንቢ አይሉኝም።»

«በግድ ጌታዬ?»

«በግድም ቢሆን ያወጧታል። ሕጉ አለ።»

አባባ ማንሶክ ለረጅም ጊዜ ቃሬዛውን አዩ። «ሕጉ ጥሩ ነው ጌታዬ» አሉ። «እንደወደደችው ነው የሞተችው። እሷ የፈለገችው ግን በግድ መውጣት አልነበረም። ለሌላው እንደሚመጡት፣ ሳይጠሩ እንዲመጡላት ነው። ከተጠሩማ ሌላ ነገር ነው። እሱ አይሆንላትም።»

አጎቴ ጢማቸውን ይዘው ጫማዎቹ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። እሳቸው በአራጅ ግቢ መሬት ላይ ሲቀመጡ ያየ ሰው የለም። ያን ቀንም ከእኛ ሌላ አላየም።

አባባ ማንሶክ ወደ ቤት ገቡ። እማማ ኦክቡንን ከጥድ የሬሳ ሳጥኑ አውጥተው፣ ከፈናቸው ላይ አዲስ ሰሌን ጠቅልለው፣ በቃጫ ገመድ አሥረው ሲወጡ በሁለት ክንዳቸው ነበር የያዟቸው። ጓሮ ሄዱና ጂጌውን አመጡ፤ ገበሬ ማገዶና ድርቆሽ በጀርባው የሚሸከምበትን ባለ ባላ እንጨት። አቁመው ደገፉትና አስተካክለው ጫኗቸው። ኪፓል ሊያግዝ ሮጠ።

«እኔ ልሸከም አባባ» አለ። ከመንደሩ ሰው ሁሉ «አባባ» ያላቸው ከእኔ ሌላ እሱ ብቻ ነው።

«ይቅር ልጄ። አትከብድም።» ተንበርክከው ማሰሪያውን በሁለት ትከሻቸው አጠለቁ፣ በበትራቸው ተደግፈው ተነሡ። «ይልቅ ሾርባውን ብሉ። ወይፈን ነው፣ ይበላሻል። ጌታዬንም አብሏቸው፣ ቁርስ ሳይበሉ ነው የመጡት።»

«አባባ፣ እኔ እከተላለሁ» አልኩ። አካፋውን አንስቼ ነበር።

ከበሩ እስከ ኮረብታው ግርጌ ተከተልኳቸው። በመንደሩ መሃል ያለው መንገድ ላይ ሰው አልነበረም፤ በሮች ሁሉ ገርበብ ብለዋል። በአንዱ ቀዳዳ አንዲት ልጅ ስታይ እናቷ በክንዷ ጎትታ አስገባቻት። ዜማ የሚያወጣ የለም፣ ደወል የለም። አባባ ማንሶክ ግን በየበሩ ፊት ሲደርሱ፣ ቃሬዛው እንደሚቆም ሁሉ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ይቆሙና ይቀጥላሉ። አንዱንም ቤት አልዘለሉም። ጆሯቸውን የሰበረው ሰው ቤት ላይም ቆሙ።

መንገዱ ወደ ጥዱ ጫካ መውጣት ሲጀምር ዞር ሳይሉ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ። አካፋውን ነው የፈለጉት። ሰጠኋቸው።

«እዚህ ይብቃዎት ጌታዬ» አሉኝ። «ከዚህ ወዲያ ያለው የእኔና የሷ ነው።»

«እመለሳለሁ፣ ማታ እመጣለሁ» አልኩ።

«ይምጡ» አሉ። «የአክስቴ ልጅም ይመጣል። ሰው ያስፈልጋል ለመብላት።»

ወጡ። ዳገቱን የሚያንሸራትት የጥድ ቅጠል ሸፍኖታል፤ በትራቸውን አስቀድመው ተክለው፣ አንድ እግር፣ ቆይተው ሌላውን። ከኋላ ሲታዩ ራሳቸው አይታይም፣ የሰሌኑ ጥቅል ብቻ ነው፣ ከሥሩ ሁለቱ ነጫጭ እግሮች። መታጠፊያው ጋ ቆም ብለው ጭነቱን ወደ ላይ ሳብ አደረጉ፣ ልጅ ያዘለ ሰው እንደሚያደርገው። ከዚያ ሄዱ።